የጥንቱን ባሕር ከአለት ማንበብ፦ የገለጻንና የድምዳሜን ቃላት ስለ መለየት

የምድርን ታሪክ የሚያጠና ባለሙያ በአንድ ገደል ፊት ሲቆም ባሕር አያይም። የሚያየው የድንጋዩን ቀለም፣ የቅንጣቱን መጠን፣ የንጣፉን ውፍረት፣ በውስጡ የቀሩትን ዛጎሎችና ዱካዎች ነው። «በዚህ ስፍራ በጥንት ዘመን ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ባሕር ነበረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከምልከታው ሁሉ በኋላ የሚደረስበት ድምዳሜ ነው። በምልከታውና በድምዳሜው መካከል ያለውን ርቀት የሚጠብቀው ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ የሙያው ቃል ነው። ቃሉ ሁለቱን ካደባለቀ ማስረጃው ከአንባቢው እጅ ይወጣል፤ የሳይንሱ ውጤት ብቻውን ይቀርና ወይ እንደ ተረት ይታመናል፣ ወይ እንደ ተረት ይጣላል።

በዚህ ጽሑፍ በዝቃጭ አለቶችና በቅሪተ አካላት አማካይነት የጥንት ባሕሮች የሚታወቁበትን መንገድ በአጭሩ ገልጸን፣ ለዚሁ ጥናት የሚያገለግሉት ዋና ዋና ቃላት በአማርኛ እንዴት ቢሰየሙ እንደሚሻል እንመረምራለን። ለመነሻ የመረጥነው አካባቢ ሆሳዕናና በዙሪያዋ ያሉት የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ናቸው። የእሳተ ገሞራ አለት በለበሰ አገር ስለ ባሕር ማውራት በመጀመሪያ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለምርጫችን ሁለት ምክንያቶች አሉን። አንደኛ፣ ባሕር ሳይሆን ባሕር የሚመስል ምልክት በብዛት የሚገኝበት ስፍራ ቃላትን ለመፈተን ይበልጥ ያመቻል። ሁለተኛ፣ በዚያ አካባቢ በአማርኛ የተሰየመ የሳይንስ ቃል በአማርኛ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ሐዲይኛና ወደ ከምባትኛ የመማሪያ መጻሕፍትም ይሻገራል።

1. በሆሳዕና ዙሪያ የሚታየው

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ትከሻ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ዱራሜ ሲኬድም ሆነ ወደ አምባሪቾ ተራራ ሲወጣ ምድሩን የሸፈነው በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ አለት፣ የተጠቀጠቀ አመድ፣ ፑሚስና ከእነዚህ የተገኘ አፈር ነው። መንገድ ሲቆረጥ በሚገለጠው ግድግዳ ላይ ነጣ ያሉና ጠቆር ያሉ ንጣፎች ተደራርበው ይታያሉ። «ንብርብር ያለው አለት ሁሉ በውሃ ውስጥ የዘቀጠ ነው» ተብሎ የተማረ ልጅ እነዚህን ንጣፎች የባሕር ሥራ ናቸው ቢል ልንፈርድበት አንችልም፤ የተነገረው ትርጉም የሰጠው ፈቃድ ነው። ነገር ግን የእሳተ ገሞራ አመድም ከአየር ላይ እየወረደ ንጣፍ በንጣፍ ይደራረባል። ንብርብር ዓይን የሚያየው ነገር ነው፤ በውሃ ውስጥ መዝቀጥ ግን ገና መረጋገጥ ያለበት ሐሳብ ነው።

ከደጋው በስተምሥራቅ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ሲወረድ ሁለተኛው ፈተና ይመጣል። በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በአብያታና በሻላ ሐይቆች ዙሪያ ከዛሬው ዳርቻ ርቀውና ከፍ ብለው የሚገኙ የዛጎል ንጣፎች አሉ። ከዛሬ 10,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ውስጥ ዝናቡ በበረታባቸው ወቅቶች አራቱ ሐይቆች አንድ ሆነው ነበር። ውሃውም ከዛሬው የሻላ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ዛጎሎቹ የዚያ ሐይቅ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ እነዚህም በጨዋማ ባሕር ሳይሆን በሐይቅና በወንዝ ውሃ የሚኖሩ ወገኖች ናቸው። ስለዚህ ዛጎል መገኘቱ ውሃ እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ ባሕር እንደ ነበረ አይመሰክርም። ባሕርን ለመመስከር የእንስሳው ዓይነት መታወቅ አለበት። ኮራል፣ ብራኪዮፖድ፣ አሞናይትና የባሕር ጃርት ከባሕር ውሃ ውጭ ስለማይኖሩ ምስክርነታቸው ይጸናል።

በዚያው የሐይቆች ምድር ዲያቶማይት የሚባል ነጭና ቀላል ድንጋይም ይገኛል። የተሠራው በዓይን ከማይታዩ የውሃ ውስጥ ነፍሳት የብርጭቆ ዓይነት ቅርፊት ነው። ነጭነቱን ብቻ ያየ ሰው የኖራ ድንጋይ ነው ሊል ይችላል፤ ነገር ግን አሲድ ሲነካው አይፈላም፣ በእሳት ቢቃጠልም ኖራ አይሆንም። በመልክ መመሳሰል ለስያሜ በቂ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

2. እውነተኛው የባሕር አለት

ከሆሳዕና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የተከተለ ሰው፣ በጉራጌ ተራሮች ግርጌ በኬላ አካባቢ የተለየ ነገር ያገኛል። በዚያ ስፍራ የስምጥ ሸለቆው ስብራት ከእሳተ ገሞራው አለት በታች ያለውን ወደ ላይ ስላወጣው፣ የጥንቱ መሠረታዊ አለትና በእርሱ ላይ የተኛው የመካከለኛው ዘመነ ሕይወት ዝቃጭ አለት በጠባብ ቦታ ይታያሉ። ከዚህ ተነሥተን ስለ ሆሳዕና ምን ማለት እንችላለን? «ከሆሳዕና ሥር የባሕር አለት አለ» ብንል ያላየነውን አየን ማለት ይሆናል። «በኬላ የታየው አለት ወደ ደቡብም በእሳተ ገሞራው አለት ሥር ሊቀጥል ይችላል» ማለት ግን የማስረጃውን ልክ የጠበቀ አነጋገር ነው። ልዩነቱ የሚገኘው በግሡ ላይ ነው። አማርኛ «ነው»ን፣ «ያመለክታል»ን፣ «ሊሆን ይችላል»ንና «ሳይሆን አይቀርም»ን ለይቶ የያዘ ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ በትርጉም ሥራ አራቱም ወደ «ነው» ሲጠቃለሉ በተደጋጋሚ እናያለን።

ሙሉው ታሪክ ግን በሰፊው የሚነበበው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር መጀመሪያ የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። በእርሱ ላይ ከ400 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው፣ ጀሶና የጭቃ ድንጋይ የሚፈራረቁበት የጎሐ ጽዮን ክፍል ይተኛል። ከዚያ ወደ 400 ሜትር የሚደርሰው የአንታሎ በሃ ድንጋይ፣ ቀጥሎም የሙገር የጭቃ ድንጋይና የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ ይከተላሉ። ሁሉንም ከላይ የደፈናቸው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ነው። «ዓዲግራት» እና «አንታሎ» የሚሉትን ስሞች ለአለቶቹ የሰጠው፣ በ1860 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የምድር ጥናት ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ ነበር።

ባለሙያው ይህን ክምር የሚያነበው በሦስት እርምጃ ነው። በመጀመሪያ የሚታየውን ይመዘግባል፤ ቀጥሎ ያንን የሚያስገኘው ሂደት ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ሂደቱ በምን ዓይነት ስፍራ እንደሚካሄድ ይወስናል። ለምሳሌ ጀሶን እንውሰድ። የሚታየው በጥፍር የሚፋቅ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ሂደቱ ትነት ነው፤ የሚተነው ውሃ ከሚገባው ሲበልጥ በውሃው የሟሟው ማዕድን ይረጋል። ስፍራው ከዋናው ባሕር በከፊል የተለየ፣ ሞቃትና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ የባሕር ክንድ ሊሆን ይችላል። ብቻውን ሲታይ ጀሶ በጨዋማ ሐይቅም ሊረጋ ስለሚችል፣ ድምዳሜው የሚጸናው ከላይና ከታች ያሉት ንጣፎች ሲደግፉት ነው።

በአንታሎ በሃ ድንጋይ ውስጥም ተመሳሳይ ንባብ ይደረጋል። በታችኛው ክፍል ጭቃውን የቦረቦሩ እንስሳት መተላለፊያ በብዛት ይታያል፤ ከፍ ሲል በብራኪዮፖድና ባለ ሁለት ክዳን በሆኑ ዛጎሎች የተሞላ ይሆናል፤ በላይኛው ክፍል ደግሞ ኮራሎችና እንደ ዓሣ እንቁላል ድቡልቡል የሆኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይገኛሉ። እነዚህ ቅንጣቶች የሚሠሩት በሚንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ እየተንከባለሉ የኖራ ልባስ በላያቸው ሲደራረብ ነው። ከኮራሎቹ ጋር ተደምረው ብርሃን የሚደርስበትን፣ ሞቃትና ሞገድ የሚያናውጠውን ውሃ ያመለክታሉ።

ንጣፎቹ አንዱ በሌላው ላይ መተኛታቸው የሚነበብበትን ሕግ ጀርመናዊው ዮሐነስ ቫልተር እ.ኤ.አ. በ1894 አስቀምጧል። በሕጉ መሠረት፣ መካከላቸው መቋረጥ ከሌለ፣ ከታች ወደ ላይ የሚከታተሉት ንጣፎች በአንድ ወቅት ጎን ለጎን የነበሩ ስፍራዎች ሥራዎች ናቸው። የባሕሩ ዳርቻ ወደ የብስ እየገፋ ሲሄድ የዳርቻው አሸዋ በባሕር ጭቃ፣ ጭቃውም በበሃ ይሸፈናል። በዚህ ዓይነት ንባብ በጁራሲክ ዘመን፣ ማለትም ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ከኦጋዴን በኩል ወደ ዓባይና ወደ ትግራይ እንደ ገሰገሰ፣ በኋላም ወደ መጣበት እንደ ሸሸ ታውቋል። ለሐሳቡ ቅርብ የሆነ ምሳሌ የፈለገ ሰው አፋርን ይመልከት፤ ከዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት እንደ ነበረ በዝቅተኛው ምድር ጠርዝ የቀሩት የኮራል ንጣፎች ይመሰክራሉ።

3. ስለ ስያሜዎቹ

ከላይ የተመለከተው ሁሉ ሦስት ዓይነት ቃላት እንደሚያስፈልጉን ያሳያል፤ እነርሱም የገለጻ፣ የሂደትና የድምዳሜ ቃላት ናቸው። አሁን አከራካሪ የሆኑትን በየተራ እንመልከት።

(ሀ) ዝቃጭ አለት ወይስ ደለል አለት? ደለል በገበሬው አነጋገር ጎርፍ ወይም ወንዝ አምጥቶ የጣለው አፈር ነው። ለአሸዋ ድንጋይና ለጭቃ ድንጋይ ይስማማል፤ ለጀሶና ለበሃ ግን አይስማማም፤ ጀሶን የወለደው ትነት ነው፣ አብዛኛውን በሃ የገነቡት ደግሞ ሕያዋን ናቸው። አማርኛ የጠላን ዝቃጭ አተላ፣ የጠጅን አምቡላ ብሎ በምንጩ ይለያል፤ ሁለቱንም የሚጠቀልለው ስም ግን ዝቃጭ ነው። ስለዚህ ዝቃጭ አለትን ለጠቅላላው፣ ደለላዊን፣ ኬሚካዊንና ሕይወታዊን ለክፍሎቹ ብናውል ስርዓቱ ይሟላል። አለት በዕለታዊ አነጋገር ጠንካራነትን ስለሚያመለክት፣ በሙያው ግን ለስላሳ የጭቃ ድንጋይንም እንደሚጨምር በፍቺው ላይ መገለጽ አለበት።

(ለ) በሃ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ። ሁለቱም ይሠራባቸዋል። ኖራ ድንጋዩ ተቃጥሎ የሚገኘው ምርት ስለሆነ የኖራ ድንጋይ የሚለው ጥቅሙን፣ በሃ የሚለው ራሱን አለቱን ይጠራል። ለምድር ጥናት በሃን፣ ለግንባታና ለሲሚንቶ ሥራ የኖራ ድንጋይን መተው የሚያስከትለው ጉዳት የለም። መደባለቅ የሌለበት ኖራና ጀሶ ነው፤ በገበያ ሁለቱም ነጭ ዱቄት ቢሆኑም በአለት ውስጥ የሚሰጡት ምስክርነት ይለያያል።

(ሐ) ቅሪተ አካል። ቃሉ ተለምዷል፤ እንዲለወጥ አንጠይቅም። ነገር ግን ቃል በቃል የአካል ቅሪት ማለት ስለሆነ እንስሳው ሲሄድ የተወውን ፈለግና ሲቦረቡር የተወውን መተላለፊያ አይዝም። ለእነዚህ ቅሪተ ዱካ የሚለውን እናቀርባለን። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። እንስሳው ከሞተ በኋላ ዛጎሉን ሞገድ ወደ ሌላ ስፍራ ሊወስደው ይችላል፤ በጭቃ ውስጥ የተቦረቦረ መተላለፊያ ግን ከተሠራበት አይነሣም። ስለዚህ ስለ ስፍራው ሲጠየቅ ዱካው ከአካሉ የተሻለ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

(መ) ጥልቀት የሌለው ባሕር። በባለሙያዎች ስምምነት ይህ ክፍል ከዳርቻው አንሥቶ እስከ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁለት መቶ ሜትር ውሃን ጥልቀት የሌለው ማለት ለአንባቢው ግራ ነው፤ ሰው የሚሻገረው ውሃ ይመስለዋል። ቃሉ አንጻራዊ መሆኑን ለማሳየት ንዑስ ጥልቅ ባሕር የሚለውን እንመርጣለን። በውሃ የተሸፈነውን የአህጉር ጠርዝ ደግሞ በቤታችን ውስጥ ከግድግዳው ሥር ተያይዞ ከሚሠራው መቀመጫ ወስደን አህጉራዊ መደብ ብንለው ቅርጹም ይገለጻል።

(ሠ) ሞገድ፣ ማዕበልና የባሕር ሙላት። በብዙ ትርጉሞች ማዕበል ለሦስቱም ሲያገለግል ይታያል። በአለት ላይ ግን ሦስቱ የተለያየ አሻራ ይተዋሉ፤ ዕለታዊው ሞገድ፣ ዐውሎ የሚያስነሣው ማዕበልና በጨረቃና በፀሐይ ስበት ውሃው የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሥርዓት አንድ አይደሉም። ለሦስተኛው ሙላተ ባሕርና ጉድለተ ባሕር የሚሉትን እናቀርባለን፤ ሙላት ለወንዝ የተለመደ በመሆኑ ባዕድ አይሆንም። በአሸዋ ድንጋይ ላይ የሚገኘውን የሽብሽብ ምልክት ግን «የባሕር ሞገድ ምልክት» ማለት አይገባም፤ ሽብሽብ በወንዝም፣ በሐይቅም፣ በነፋስም ይሠራል።

(ረ) የባሕር ግስጋሴና የባሕር ሽሽት። አንዳንድ ተርጓሚዎች ለመጀመሪያው ወረራ ወይም ጎርፍ ይላሉ። ሁለቱም ድንገተኛነትን ያስከትላሉ፤ አንባቢውም የጥፋት ውሃን ያስባል። በጁራሲክ የተደረገው ግን ሚሊዮኖች ዓመታት የወሰደ እንቅስቃሴ ነው።

(ሰ) መልክአ አለት። አንድን አለት ከጎረቤቱ የሚለየው የቀለም፣ የቅንጣት፣ የንብርብርና የቅሪተ አካል ጠቅላላ ጠባይ በሙያው ፋሲስ ይባላል፤ ስሙን በዚህ አግባብ የሠራበት ስዊዘርላንዳዊው አማንዝ ግሬስሊ እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። መልክአ ምድር የሚለው ስለተለመደ መልክአ አለት ያለ ችግር ይገባል። ቃሉ የገለጻ ስለሆነ ከድምዳሜው፣ ማለትም ጥንተ አካባቢ ብለን ከምንሰይመው፣ መለየት አለበት። «የባሕር መልክአ አለት» የሚል ሐረግ ሁለቱን ስለሚያደባልቅ፣ «ንዑስ ጥልቅ ባሕርን የሚያመለክት መልክአ አለት» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል።

4. ወደ ሐዲይኛና ወደ ከምባትኛ ሲሻገሩ

ሐዲይኛና ከምባትኛ፣ በተናጋሪዎቻቸው አጠራር ሀዲይሳና ከምባቲሳ፣ የደጋው ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ናቸው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ይሰጥባቸዋል፤ የሚጻፉትም በላቲን ፊደል ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች ገላጩ ከተገላጩ ይቀድማል፤ ይህም በመሠረቱ የአማርኛም ሥርዓት ነው። እኛ ግን የሙያ ቃላትን ስንፈጥር ሥነ፣ ጥንተ፣ መልክአ፣ ቅሪተ እያልን የግዕዝን ዘርፍ አያያዝ ስለምንከተል ባለቤቱ ይቀድማል፤ ገላጩ ይከተላል። የአማርኛውን ስም እየቆረሰ ቃል በቃል የሚያሻግር ተርጓሚ «ቅሪተ ዱካ»ን በተገለበጠ ቅደም ተከተል ያገኘዋል፤ የዱካ ቅሪት የነበረውም የቅሪት ዱካ ሊሆንበት ይችላል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። በአማርኛው ስም ውስጥ ድምዳሜ ተደብቆ ከነበረ በሦስት ቋንቋ ድምዳሜ ይሆናል። ተማሪው በአንዱ መጽሐፍ የተሳሳተውን በሌላው ለማረም ቢፈልግ ሁለቱም አንድ ነገር ይነግሩታል፤ መስማማታቸውም ለስሕተቱ ማረጋገጫ ይመስላል። ስለዚህ ለሐዲይኛና ለከምባትኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚተላለፈው የአማርኛው ስያሜ ብቻ ሳይሆን ጽንሰ ሐሳቡ መሆን አለበት። እነርሱም ከራሳቸው ገበሬ፣ ሸክላ ሠሪና ድንጋይ ፈላጭ አፍ ስሙን ይፈልጉለት።

ለዚህም እያንዳንዱ ቃል በአራት ነጥቦች እንዲመዘገብ ሐሳብ እናቀርባለን፤ እነርሱም ስያሜው፣ ወገኑ፣ በቀላል አነጋገር የተሰጠ ፍቺውና ከምን ጋር ሊምታታ እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ናቸው። ሦስት ናሙናዎች እነሆ፦

ንብርብር፦ የገለጻ ቃል። አለት በንጣፍ ላይ ንጣፍ ሆኖ መታየቱ። ማስጠንቀቂያ፦ በውሃም፣ በነፋስም፣ ከአየር በወረደ የእሳተ ገሞራ አመድም ይገኛል።

ትነታዊ ርጋት፦ የሂደት ቃል። ውሃ ሲተን በውስጡ የሟሟው ማዕድን ጠጣር ሆኖ መቅረቱ። ማስጠንቀቂያ፦ በባሕር ክንድም በጨዋማ ሐይቅም ይካሄዳል።

ንዑስ ጥልቅ ባሕር፦ የድምዳሜ ቃል። ከዳርቻው እስከ 200 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው የባሕር ክፍል። ማስጠንቀቂያ፦ በዛጎል መገኘት ብቻ አይወሰንም፤ የእንስሳው ዓይነትና የአለቱ ምስክርነት በአንድነት ይጠየቃሉ።

በዚህ አኳኋን የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት በእጁ የያዘ የሆሳዕና ወይም የዱራሜ መምህር ተማሪዎቹን ወደ መንገዱ ግድግዳ ወስዶ ነጩን ንጣፍ ሲያሳያቸው «ይህ ባሕር ነበረ» ወይም «አልነበረም» ብሎ አይጀምርም። ምን እንደሚያዩ ይጠይቃቸዋል፤ ቀጥሎ ምን እንደሠራው፤ በመጨረሻም በምን ስፍራ። የቃላቱ ሥራ ይህን ቅደም ተከተል ማስጠበቅ ነው።